ጠመንጃውና ዳኛው

«ሕገ ወጥ መሣሪያ የተያዘበት ሰው መደበኛ ዳኛ አይበቃውም፤ ልዩ ፍርድ ቤት ይቋቋምለት» የሚሉ ወንድሞች አሉ። ፍርሃታቸው ይገባናል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ ሁከት የጠፋውን የሰው ሕይወት የሚረሳ የለም። በመድኃኒቱ ግን አንስማማም።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። ፈቃድ የሌለው ሽጉጥ ሰበታ ላይ ቢያዝ ማን ይፍረድ? ሕጉ የፌዴራል ነው፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 51 የጦር መሣሪያ ሕግ የማውጣትን ሥልጣን ለፌዴራሉ መንግሥት ሰጥቷል፤ አዋጅ ቁጥር 1177/2012ም የወጣው በዚሁ ነው። ሰበታ ግን እንደ ቡራዩና እንደ ሱሉልታ ከ2015 ጀምሮ በሸገር ከተማ የተጠቃለለች የኦሮሚያ ምድር ናት። ይኸን ቋጠሮ አንቀጽ 78 ይፈታዋል፤ የፌዴራሉን ከፍተኛና የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤቶች ሥልጣን ለክልል ፍርድ ቤቶች በውክልና ሰጥቷልና የክልሉ ዳኛ በፌዴራሉ ሕግ ይፈርዳል።

ይህ አልበቃም ከተባለም በሩ የታወቀ ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ የፌዴራል ፍርድ ቤት በክልል ሊያቋቁም ይችላል፤ በ1995 ለአምስት ክልሎች አድርጎታል። ኦሮሚያ ከእነዚያ አንዷ አልነበረችም። ከዚህ ወዲያ ያለውን መንገድ ያው አንቀጽ በንዑስ ቁጥር 4 ዘግቶታል፤ የመደበኛውን ፍርድ ቤት ሥልጣን የሚነጥቅ፥ የተደነገገውን ሥርዓት የማይከተል ልዩ ፍርድ ቤት አይቋቋምም ይላል።

ይህ የተጻፈው በከንቱ አይደለም። ደርግ በኅዳር 1967 በአዋጅ ቁጥር 7 ልዩ የጦር ፍርድ ቤት አቋቋመ፤ ይግባኝም አልነበረበትም። በዚያው ወር፥ ኅዳር 14 ቀን፥ ስልሳ ያህል ሰዎች ያ ፍርድ ቤት እንኳ ሳያያቸው ተረሸኑ። መደበኛውን ዳኛ የገፋ እጅ ልዩውንም ዳኛ ለመግፋት እንደማይዘገይ ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ያሻል?

ጠመንጃ ምስክርን ያስፈራራል፤ እውነት ነው። ስለዚህ የምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 በሥራ ይዋል፤ ዳኞች ይጨመሩ፤ በመደበኛው ፍርድ ቤት ውስጥ ለመሣሪያ ጉዳይ ራሱን የቻለ ችሎት ይሰየም። ይህ ሥራ መከፋፈል ነው፤ ልዩ ፍርድ ቤት ግን ዳኝነትን መንጠቅ ነው። ቅጣቱ ይክበድ ቢባል እንከራከርበታለን፤ ዳኛው ይለወጥ ከተባለ ግን አንቀበልም።

አባቶቻችን በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች ይላሉ። የሰበታ፥ የቡራዩና የሱሉልታ ልጆች አብረውን የሚማሩ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ናቸው። ጥፋተኛ የሆነው ይቀጣ፤ የሚቀጣው ግን እኛን ሁላችንን በሚዳኘው ዳኛ ይሁን። የተለየ ሐሳብ ያላችሁ መምህራንና ተማሪዎች ጻፉልን፤ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።