ቆሽታችንን ማን አሳረረው?

በስኳር ክትትል ክፍሎቻችን አንድ ያልተጻፈ ሕግ አለ። ስኳሩ ከፍ ካለ ጥፋተኛው ታካሚው ነው። ካርዱ የክስ መዝገብ፣ ነርሷ ዐቃቤ ሕግ፣ ሐኪሙ ዳኛ ይሆኑና ፍርዱ በሁለት ደቂቃ ይሰጣል። «ምን በልተህ ነው የመጣኸው?» ይግባኝ የለም። ቀጠሮ ከሦስት ወር በኋላ።

እኛ ሁለተኛው ዓይነት ስኳር ያለብን ሰዎች ነን። ሠላሳዎቹን ገና ያላጋመስንም አለንበት፤ «ስኳር የሽማግሌ በሽታ ነው» የሚሉ ሰዎች አግዳሚው ላይ መጥተው ይዩን። ጠዋት በባዶ ሆድ ወጥተን፣ ታክሲ ተጋፍተን፣ ካርድ አስወጥተን፣ ደም ሰጥተን ስማችን እስኪጠራ እንቀመጣለን። ወረፋውን ለምደነዋል። ያልለመድነው ቁጣውን ነው፤ ልንለምደውም አንፈልግም።

አጠገባችን የሚቀመጡት አባት ሰባ ዓመት ሳይሞላቸው አይቀርም። በሰፈራቸው ዕድር የሚመሩ፣ ሲገቡ ሰው የሚነሣላቸው ሰው ናቸው። ልጃቸው የምትሆን ነርስ በሩ ላይ ቆማ «አባባ! ዛሬም 240? ምን ይሻልሃል?» ትላቸዋለች፤ ኮሪደሩ ሙሉ ይሰማል። የማያውቁትን ሽማግሌ «ይሻልሃል» ማለት የት ኮሌጅ እንደሚሰጥ ብናውቅ ደስ ይለን ነበር።

ነገሩ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ዋጥ አድርገን እንሄድ ነበር። ግን ቁጣው መዘዝ አለው። የሚሰደብ ሰው ይዋሻል። ቀጠሮው ሦስት ቀን ሲቀረው እንጀራ ይቀንሳል፣ ሻዩን ያለ ስኳር ይጠጣል፣ ማታ ራቱን ይተዋል። ጠዋት ሲለካ 120። «ጎበዝ!» ይባላል። መድኃኒቱ ሳይስተካከል ይመለሳል። በባዶ ሆድ የሚለካው ስኳር የሚናገረው ይበልጡን ስለዚያች ጠዋት ነው። ያለፉትን ሁለትና ሦስት ወራት የሚያሳየው ኤ1ሲ የሚባለው ምርመራ ነው፤ እሱ ደግሞ በየቦታው አይገኝም፣ ሲገኝም ኪስ ይነካል። በእንግሊዝ ሀገር እ.ኤ.አ. በ1977 ተጀምሮ ውጤቱ በ1998 የታተመ ትልቅ ጥናት ነበር። በሽታው ገና የተገኘባቸውን ሰዎች አሥር ዓመት ያህል ተከታተለ። ኤ1ሲያቸው 7.0 አካባቢ የተያዘላቸው፣ 7.9 ከነበሩት ይልቅ የዓይንና የኩላሊትን የመሰሉ የደቃቅ ደም ሥሮች ጉዳታቸው በ25 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ልብ በሉ፣ አንድ እንኳ ላልሞላች ልዩነት ነው! እኛ ግን በሦስት ቀን ትወና ተመስግነን ወደ ቤታችን እንገባለን።

ከሁሉ የሚያስቆጨን የኢንሱሊኑ ነገር ነው። «ካልተጠነቀቅሽ መርፌ ነው የማስጀምርሽ!» ያልተባለ በመካከላችን ማን አለ? ኢንሱሊን እ.ኤ.አ. በ1922 ካናዳ፣ ቶሮንቶ ውስጥ ሞት አፋፍ ላይ የነበረን የ14 ዓመት ልጅ የመለሰ መድኃኒት ነው። እኛ ጋ ሲደርስ ጅብ ሆነ፤ የልጅ ማስፈራሪያ። ሁለተኛው ዓይነት ስኳር በዓመታት ውስጥ እየገፋ የሚሄድ በሽታ ነው፤ ቆሽት ኢንሱሊን የማመንጨት አቅሙ ይደክማል። ክኒኑን በሰዓቱ የዋጠ፣ በእግሩ የሄደ፣ ገበታውን የመጠነ ሰው እንኳ አንድ ቀን መርፌው ሊያስፈልገው ይችላል። ይህን ሐኪሙ ያውቃል። ለታካሚው ግን ለዓመታት የተነገረው መርፌ ቅጣት መሆኑን ነው። እናም ቀኑ ሲመጣ ካርዱን ጥሎ ይጠፋል። የባህል መድኃኒት ሻጭ ደጃፍ ሲገኝ ደግሞ «ኅብረተሰቡ ግንዛቤ የለውም» ተብሎ አበል ያለው ስብሰባ ይጠራል። ግንዛቤውን ማን ሰጠውና!

የጾሙም ጉዳይ እንዲሁ ነው። ከዓመቱ ግማሽ ያህሉን የሚጾም ምእመን መሃል ተቀምጦ «ትጾማለህ ወይ?» ብሎ አለመጠየቅ ምን ዓይነት ሕክምና ነው? ግሊቤንክላማይድ የሚባለው ክኒን ቆሽትን ገፍቶ ኢንሱሊን ያስወጣል። ጠዋት ውጦት እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ያልቀመሰ ሰው ስኳሩ ወርዶ ሊያልበው፣ ሊንቀጠቀጥ፣ ቅዳሴ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ሜትፎርሚን ብቻውን ሲወሰድ ግን ይህን እምብዛም አያመጣም። ልዩነቱን ነግረውናል? ለረመዳን እንኳ ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2016 ከአጋሩ ጋር ሆኖ መመሪያ አውጥቷል፤ ማን ቢጾም እንደሚያሰጋው፣ መድኃኒቱ እንዴት እንደሚስተካከል። እኛን ግን «አትጹም» ይሉናል፤ አለቀ። ሰውየው ይጾማል፤ አይናገርም።

ምግቡን እንተወው። ብሮኮሊ ብሉ የሚል ወረቀት ሰጥተውናል።

«ሐኪሙ እኮ በቀን ስንት ሰው ነው የሚያየው?» የሚለን አይጠፋም። እናውቃለን። ደመወዙም እንደማያዘልቀው እናውቃለን፤ ለዚያ ቢሟገት ከጎኑ እንቆማለን። ግን ለመቆጣት የበቃው ሁለት ደቂቃ «መድኃኒቱን ገዝተህ ጨረስከው ወይስ ብር አጠረህ?» ለማለትም ይበቃል። ደግሞስ የግል ክሊኒኮቹ ምን ሰበብ አላቸው? ሶፋቸው ይለያል እንጂ ቁጣው ያው ነው። (ስማችንን ጠርቶ፣ ቁጥራችንን አስረድቶ የሚሸኝ ሐኪም ያጋጠመን አለን፤ እሱን ለማግኘት ከከተማው ጫፍ እስከ ጫፍ እንሄዳለን።)

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ቁጥራችንን ለእኛ ንገሩን፤ ለኮሪደሩ አይደለም። የመድኃኒት መስጫው መስኮት ላይ «የስኳር ነው!» ብላችሁ አትጩኹብን፤ መካከላችን ለእጮኛዋ ገና ያልነገረች አለች። መርፌ ሲያስፈልገን ያስፈልግሃል በሉን፤ ፈረድኩብህ አትበሉን። ዓይናችን ቢያንስ በዓመት አንዴ ይታይ። እግራችንም ይታይ፤ ስኳር መጀመሪያ ስሜቱን ነው የሚነጥቀው፣ ቁስሉን ባለቤቱ ሳያውቀው ይከርማል። ስንት ዓመት ስንመላለስ «ካልሲህን አውልቅ» የተባልን ከመካከላችን በጣት እንቆጠራለን። በሚቀጥለው ቀጠሮ ካልሲያችንን አውልቀን አግዳሚው ላይ እንጠብቃለን። ሽታው ያስቸገረው ቶሎ ያስገባን።