የዓባይ ሸለቆና የነጋዴው ድርሻ

ነጋዴ ሁለት ዓይነት ሀብት ያውቃል። አንደኛው ተሸጦ የሚያልቅ ነው፤ ሁለተኛው ተከራይቶ ወደ ባለቤቱ የሚመለስ ነው። በርበሬና በቆሎ ከፊተኛው ወገን ናቸው፤ ቤትና የጭነት በቅሎ ከኋለኛው። ከዱርቤቴ እስከ ቡሬና ፍኖተ ሰላም ባለው አገር የሚነግደው ሰው ግን ከኋለኛው ወገን የሆነ አንድ ታላቅ ሀብት በደጁ ሳለ እስካሁን በመዝገቡ አላሰፈረውም። ይኸውም የዓባይና የገባሮቹ ሸለቆ፤ በውስጡም የሚኖሩት አራዊትና አዕዋፍ ናቸው።

ከሰከላ ምድር፤ ከጊሽ ዓባይ የሚነሣው ግልገል ዓባይ ወደ ሰሜን ፈስሶ ጣና ይገባል። ከጣና የወጣው ዓባይ ደግሞ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከተወረወረ በኋላ ጎጃምን እንደ ቀለበት ይዞራታል። በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከል ሸለቆው ከ1,000 ሜትር በላይ ይጠልቃል። ብርና ተምጫን የመሳሰሉትም ወንዞች ከምዕራብ ጎጃም ደጋ ተነሥተው ምድሩን እየቦረቦሩ ወደዚሁ ታላቅ ሸለቆ ይወርዳሉ። ስለዚህ ከደጋው አፋፍ ተነሥቶ ወደ ወንዙ የሚወርድ እግረኛ በአንድ ቀን ጉዞ ከብርድ ወደ ሙቀት፤ ከገብስ ማሳ ወደ ቆላ ዱር ይሸጋገራል።

ሸለቆውን በእግር መመርመር ከባዕድ አገር የመጣ ፈሊጥ ነው ብሎ የሚያስብ ቢኖር ተሳስቷል። በ19ኛው መቶ ዓመት ቡና፤ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ጭኖ ከጉድሩ በኩል ዓባይን እየተሻገረ ወደ ባሶ ገበያ ይወጣ የነበረው የሲራራ ነጋዴ ነው። ክረምት ወንዙን ሲሞላው በወዲያ ማዶ ይከርም፤ በበጋም አዞ ስለሚያሰጋው በጓድ ሆኖ ይሻገር ነበር። የገደሉን ጠመዝማዛ መንገድ፤ የውሃውን ጠባይ፤ የአራዊቱን ልማድ ከማንም አስቀድሞ የተማረው እርሱ ነው።

ከእርሱም በኋላ እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺዝማን የደጋውን አፋፍ ተከትሎ፤ በነጋዴው መሻገሪያዎች ወደ ወንዙ እየወረደ፤ በእግርና በበቅሎ የዓባይን አካሄድ መረመረ። ስለ ጣናና ስለ ዓባይ የጻፈውም መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1936 ታተመ። እ.ኤ.አ. በ1968 ክረምት ጆን ብላሽፎርድ ስኔል የመራው የእንግሊዝ ጓድ በጀልባ ወንዙን ለመውረድ በሞከረ ጊዜ ግን ከሰዎቹ አንዱ በውሃ ሰጥሞ ሞተ። ከሁለቱ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ዓባይን በክረምት መፎካከር አይገባም፤ ጊዜውን ጠብቆ፤ ያገሩን ሰው አስከትሎ በእግሩ ለሚመጣ ግን ሸለቆው በሩን አይዘጋም።

ጊዜው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ነው። የክረምቱ ሙላት ጎድሏል፤ ከመስከረም እስከ ኅዳር በቆላው የሚበረታው ወባም ይቀንሳል። ብስክሌት ለባሕር ዳር ሰው ሁለተኛ እግሩ ነውና በመራዊ፤ በዱርቤቴና በዳንግላ ያለውን ሜዳማ አገር በብስክሌት ማለፍ ይቻላል። ቁልቁለቱ ሲጀምር ብስክሌቱን ከአፋፉ ባላገር ቤት አስጠብቆ፤ ስንቁንና ውሃውን በበቅሎ ጭኖ በማለዳ መውረድ ነው። በወንዙ ዳር ዛፍ ላይ ጉሬዛና ጦጣ፤ በገደሉ ዝንጀሮ፤ በቁጥቋጦው ድኩላና ከርከሮ፤ በትልቁም ውሃ አዞና ጉማሬ ይኖራሉ። በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ፤ ይበልጡንም በዓባይና በገባሮቹ ሸለቆዎች የሚታወቅ አንድ የቆቅ ዘር አለ፤ የወፍ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1899 ለዓለም አስታውቀውታል። እርሱን ለማየት ባሕር ተሻግሮ የሚመጣ ሰው ይገኛል፤ የእኛ አገር ነጋዴ ግን ቆቅን የሚያውቃት በወጥ ነው።

እዚህ ላይ የባላገሩ ክርክር ሊሰማ ይገባዋል። ዝንጀሮና ከርከሮ በቆሎውን የሚበሉበት ገበሬ አራዊቱን ውደድ ቢባል የከተሜ ቀልድ ይመስለዋል፤ እውነትም አለው። አራዊቱ የሚጠበቁት ጉዳቱን የሚሸከመው ሰው ጥቅሙንም ሲካፈል ብቻ ነው። በሰሜን ወሎ በመቄት ደጋ ባላገሮች በገደል አፋፍ ጎጆ ሠርተው፤ የእግረኛውን እንግዳ ዕቃ በአህያ እያጓጓዙ ገቢውን በማኅበር እንዲካፈሉ ተደርጓል። በደባርቅም የስሜን ተራሮችን ለማየት የመጣ እንግዳ መንገድ መሪ፤ ጠባቂና በቅሎ ከአገሩ ሰው ይቀጥራል። ይህ አሠራር በጎጃም የማይሆንበት ምክንያት የለም።

ነገር ግን ሀብቱ ሳይሸጥ ሊጠፋ ይችላል። የሸለቆው ታላቅ ጠላት ከሰል ነው። በአዊ፤ በተለይም በፋግታ ለኮማ፤ ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ በገዛ ማሳው ተክሎ፤ በአራትና በአምስት ዓመት ቆርጦ ከሰል ሲያከስል መኖሩ የሚመሰገን ነው፤ የተተከለ ተቆረጠ እንጂ ዱር አልተነካምና። በቅርብ ዓመታት ግን ዲከረንሱን በሽታ መታው። የተተከለው ሲጎድል የከሰል ገዢው ዓይን ወደ ቆላው ዱር እንዳይዞር ያሰጋል። የወንዝ ዳሩ ዛፍ ከወደቀ ጉሬዛው ማደሪያ ያጣል፤ አፈሩም ታጥቦ ይሄዳል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንዲህ ላለው ንግድ ነው። የጠፋውን መመለስ ምን ያህል እንደሚያደክም ለማወቅ የሚሻ ስሜንን ይመልከት፤ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1996 አደጋ ካንዣበበባቸው የዓለም ቅርሶች መዝገብ ከገባ በኋላ ከመዝገቡ እስኪወጣ 21 ዓመት ፈጅቷል።

ሌላም ክርክር አለ። በ2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል በተነሣው የትጥቅ ግጭት ምክንያት እንግዳው እግሩን ሰብስቧል፤ ታዲያ ዛሬ ስለ ሸለቆ ጉብኝት ማውራት ምን ይጠቅማል? የሚሉ አሉ። መንገዱ ሰላም ሳይሆን ሰውን ወደ ገደል መጥራት በእርግጥ አይገባም። ይሁን እንጂ ገበያ በቀዘቀዘ ጊዜ ብልህ ነጋዴ ምን ያደርጋል? ጎተራውን ነቀዝ እንዳይገባው ይጠብቃል እንጂ ገዢ የለም ብሎ እህሉን አይበትንም። ሸለቆውም የሚጠበቅበት ጊዜ እንግዳ የሌለበት ይህ ጊዜ ነው።

ስለዚህ ከነጋዴው ሦስት ነገር ይፈለጋል። መጀመሪያ፤ ከሰል ሲገዛ ከየት እንደመጣ ይጠይቅ፤ ከወንዝ ዳር ዱር የተቆረጠውንም በመጋዘኑ አያስገባ። ሁለተኛ፤ በዲከረንሱ ፋንታ ሌላ ዛፍ ለመትከል የሚደክመውን ገበሬ በችግኝና በብድር ይርዳ። ሦስተኛ፤ በአፋፉ መንደሮች የመሻገሪያውን መንገድና የአራዊቱን መዋያ የሚያውቁ ሽማግሌዎች ሳሉ፤ እውቀታቸውን ወጣቶች ተምረው ነገ መንገድ መሪ እንዲሆኑ ያግዝ። ለዚህ ሁሉ የሚወጣው ገንዘብ ምጽዋት አይደለም፤ ከሲራራ ነጋዴ የተወረሰውን መንገድ ለማደስ የሚከፈል ወጪ ነው።

ፍኖተ ሰላም ማለት የሰላም መንገድ ማለት ነው። ያ መንገድ ሲከፈት እንግዳው መምጣቱ አይቀርም። ያን ቀን የሚቀበለው ጉሬዛው የሚዘልበት ዱር ይሁን ወይስ የከሰል ጉድጓድ፤ ይህን የሚወስነው ነጋዴው ዛሬ በሚዛኑ ላይ የሚያስቀምጠው ነገር ነው።