“ያረጀ” ያላችሁት መኪና ስማዳ ወርዶ ይመስክር

በዚህ አገር ስለ መኪና ሕግ የሚያወጣው ሰው አስፋልት ላይ የሚኖር ሰው ነው። ጠዋት ከቦሌ ይነሣል፣ አራት ኪሎ ይገባል፤ መኪናው ብትቆምበት ስልክ ደውሎ ሌላ ያስመጣል። ለእሱ “አስተማማኝ መኪና” ማለት ወንበሯ የማይቆረቁር፣ ሞዴሏ ያላለፈበት ናት። አልፈርድበትም። ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ላይ ግን ጥያቄው ሌላ ነው። እዚያ ሰው “መኪናህ ታስተማምናለች ወይ?” ብሎ ሲጠይቅህ፣ “በሐምሌ ጭቃ፣ በሌሊት፣ ምጥ የያዛት ሴት ጭና ደብረ ታቦር ትገባለች ወይ?” ማለቱ ነው።

ዛሬ እንግዲህ ስለ ፖለቲካ አልጽፍም፤ ስለ መኪና ነው የምጽፈው። (እኛ አገር ስለ መኪና ጽፎ ፖለቲካ ሳይነኩ መውጣት ከተቻለ ማለቴ ነው!)

ይኸውላችሁ፣ የኛ ቤት መኪና ሰዉ “ኮብራ” የሚላት ላንድክሩዘር ነች፤ 80 ሲሪየስ የሚባለው ዓይነት፣ ስሪቷ እ.ኤ.አ. 1994። አንድ የዕርዳታ ድርጅት በጨረታ ሲሸጣት፣ በ1996 ዓ.ም. ሦስት ወንድማማቾች አዋጥተን ገዛናት። እኔ አዲስ አበባ፣ ታላቃችን ነፋስ መውጫ፣ ታናሻችን ስማዳ ወገዳ ስለምንኖር መኪናዋ እንደ ማኅበር ጽዋ ከቤት ቤት ትዞራለች። ሠርግ አጅባለች፣ ተዝካር አድርሳለች፣ ድንች ጭናለች፣ በሽተኛ አመላልሳለች። ስንገዛት የአሥር ዓመት ዕቃ ነበረች። ዛሬ ሠላሳ ዓመት አልፏታል።

ኮፈኗን ስትከፍቱት የምታዩት ሞተር ዋን ኤች ዜድ ይባላል። የናፍጣ ነው፤ ስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር። ኮምፒውተር የለው፣ ቱርቦ የለው! ፖምፓው ናፍጣውን ይገፋል፣ ሞተሩ ያቃጥላል፣ በቃ። ጉልበቱ 130 ፈረስ ገደማ ነው ይባላል፤ ያ ግን በባሕር ጠረፍ ልክ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ከፍታው በጨመረ ቁጥር፣ በየሺህ ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህሉን እያጣ ይሄዳል። ነፋስ መውጫ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ስለዚህ የጉናን ዳገት ስትይዝ ኮብራችን እንደ ሽማግሌ እያለከለከች ነው። አይሱዙ ሳይቀር ጥሩምባውን ነፍቶ ያልፋታል። ልጆቼ በዚህ ይሳቀቃሉ። እኔ ግን ተሳቅቄ አላውቅም፤ ቀድሞን ካለፈው አይሱዙ ስንቱን ዳገቱ ላይ ኮፈኑን ከፍቶ ውኃ ሲለምን አግኝተነዋል!

የመኪናዋ ደብተር አለን። ታላቃችን መምህር ስለነበር ሁሉን ነገር ይጽፋል። በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ የታይሚንግ ቺንጋ ተቀይሯል። ፍሪሲዮን ሁለት ጊዜ፣ የፍሬን ሸራ ስንት ጊዜ እንደሆነ መቁጠሩን ትቼዋለሁ፤ ቁልቁለት ነዋ! ደብተሩን ያገላበጠ ሰው ግን ዓይኑ የሚያርፈው በተቀየረው ዕቃ ላይ ሳይሆን ዕቃው በተቀየረበት ቦታ ላይ ነው። “ካንዴሌታ፣ ደብረ ታቦር።” “የፍሬን ሸራ፣ ነፋስ መውጫ።” “የራዲያተር ማኒኮቶ፣ ወገዳ፣ በብስክሌት ከመነዳሪ ታስሮ።” በዚያ ከመነዳሪ አዲስ አበባ ድረስ መጥተንበታል። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ መኪናዋ የቆመችበት ቦታ ሁሉ የምትሠራበት ቦታ ሆኖ ተገኝቷል። እኔ አስተማማኝ የምለው ይህን ነው። የማይበላሽ ብረት የለም። የተበላሸበት መንደር ውስጥ፣ በመንደሩ ልጅ እጅ፣ በመፍቻና በካቻቢቴ የሚነሣ ብረት ግን አለ።

የጋይንት መንገድ ደግሞ ብረት ሲፈትን የኖረ መንገድ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖልን (ሰባት ቶን ገደማ፣ በኛ ስሌት 70 ኩንታል) በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ያስጎተቱት በዚሁ በኩል ነው። መንገዱን እየጠረጉ፣ ድንጋዩን እየፈነቀሉ፣ ስድስት ወር ያህል ፈጀባቸው። ኋላ በደርግ ዘመን ቻይናዎች ወረታን ከወልዲያ አገናኙት፤ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ሰዉ “የቻይና መንገድ” ይለዋል። ዛሬ ዋናው መስመር አስፋልት ነው። ከእሱ ታጥፎ ወደ ስማዳና እስቴ ቀበሌዎች ሲወረድ ግን ሐምሌና ነሐሴ ላይ መረሬው ጎማን አይለቅም።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ እኔም አንድ ጊዜ ተሞኝቻለሁ። በ2011 ዓ.ም. አዲስ ዓይነት የቤተሰብ መኪና ገዛሁ። የማን ሥሪት እንደሆነች አልናገርም። ከፍ ያለች፣ የምታምር፣ መስኮቷ በጣት የሚወርድ፣ መሪዋ እንደ ቅቤ የሚለሰልስ። ልጆቹ ኮብራን ረሷት። በተከታዩ ዓመት ክረምት የአክስታችን ተዝካር ስለነበር ቤተሰቡን ጭኜ ስማዳ ወረድኩ። መንገድ ላይ ማደያ ናፍጣ አልነበረም፤ ከችርቻሮ፣ በጀሪካን ገዛሁ። ወገዳ ልንገባ ጥቂት ሲቀረን ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት በራ፤ ትንሽ ሄደችና ጸጥ አለች።

መካኒክ በሞተር ሳይክል አስመጣሁ። ልጅ ነው፣ ግን እጁ የተባረከ መሆኑን አውቃለሁ፤ ኮብራን ስንት ጊዜ አንሥቷታል። ኮፈኑን ከፈተ፣ አየ፣ አየና ዘጋው።

“ጋሼ፣ እኔ የማውቀው ሞተር ነው። ይቺ ኮምፒውተር ነች” አለኝ።

ያቺ “አሮጌ” መጥታ በካቴና ጎተተችን። ልጆቹ ከኋላ ወንበር ድምፅ አላሰሙም! አዲሲቱ መኪና ሰው ግቢ ውስጥ ዘበኛ ተቀጥሮላት አሥራ አንድ ቀን ቆማ፣ በመጨረሻ ጭነት መኪና ላይ ተጭና አዲስ አበባ ገባች። እውነቱን ለመናገር ጥፋቱ የፋብሪካው አይደለም። የዘመኑ የናፍጣ ሞተር ነዳጁን ከ1,500 ባር በላይ በሆነ ግፊት፣ ከፀጉር በቀጠነ ቀዳዳ ነው የሚረጨው። ውኃ ወይም ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት የጀሪካን ናፍጣ ሲሰጡት ይሞታል። ዋን ኤች ዜድ ያንኑ ናፍጣ ጠጥቶ ያስላል፣ ያጨሳል፣ ይሄዳል። መኪናዋን አውሮፓ ቢነዷት ምንም አትሆንም ነበር። እኛ ግን የምንነዳው ጋይንት ነው።

አሁን ወደ ሕጉ ልምጣ፤ ማምለጥ አልቻልኩም። በየካቲት 2012 ዓ.ም. የጸደቀው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪናን በዕድሜው እየቆጠረ ይቀጣል። ከሰባት ዓመት በላይ ያገለገለ ከሆነ ቅጣቱ እስከ 500 በመቶ ይደርሳል። ጉምሩኩና ሌላው ቀረጥ ሳይጨመር ነው ይሄ! ከዚያ ደግሞ ጥር 2016 ላይ ነዳጅ የሚጠጣ አውቶሞቢል ጨርሶ ወደ አገር እንዳይገባ ተከለከለ ተባልን። ምክንያቱም ተነገረን፤ ለነዳጅ መግዣ ዶላር የለም። ሐምሌ 2016 ላይ ብሩ ተለቀቀ፤ 57 ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ውጤቱን ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ ጠይቁ። በሌላው ዓለም መኪና ሲያረጅ ይረክሳል፤ እኛ ዘንድ ሲያረጅ ይወደዳል። እንደኛ ያለ ቤተሰብ ዛሬ ሌላ ኮብራ ልግዛ ቢል ቤቱን መሸጥ አለበት።

የኤሌክትሪክ መኪና ጠላት አይደለሁም፣ አትሳሳቱብኝ። አዲስ አበባ ያለ የአክስቴ ልጅ አንዷን ገዝቶ የነዳጅ ሰልፍ ረስቷል፤ ሲያመሰግናት ውሎ ያድራል፣ አምነዋለሁም። ለከተማ ጥሩ ነገር ነው። ኤሌክትሪኩም የራሳችን ነው፤ ሕዳሴው ጳጉሜን 2017 ላይ ተመርቋል። ዓባይ ግን በስማዳ ግርጌ እያለፈ ነው ወደዚያ የሚወርደው። የስማዳ ሰው ውኃውን አሻግሮ ያያል፣ ማታ ኩራዝ ያበራል። ከተማዎቹ ውስጥም ቢሆን መብራት ሲመጣ ሰፈሩ እልል የሚልበት አገር ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ለሚኖር ሰው “ከእንግዲህ የሚገባው የኤሌክትሪክ ብቻ ነው” ስትለው፣ “ከእንግዲህ መኪና አይገባልህም” ማለትህ አይደለም እንዴ? መጀመሪያ ነፋስ መውጫም፣ ወገዳም፣ መካነ ኢየሱስም ቻርጅ ማድረጊያ ትከል፤ ከዚያ ከልክል።

ሌላው ዓለም እኮ ነገሩን ያወቀበት ይመስላል። ቶዮታ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1984 ያወጣውን ባለ 70 ሲሪየስ ላንድክሩዘር እስካሁን አልተወውም። ጭራሽ በ2023 እንደገና ጃፓን ውስጥ ለገበያ አቀረበው። ሹማምንቶቻችን የሚወዷትን ቪ-ኤይት ግን እ.ኤ.አ. በ2021 በስድስት ሲሊንደር ተካት። የኛዎቹ ሰምተው ይሆን?

ይህ ሁሉ የሀብታም ቅሬታ የሚመስለው አንባቢ ይኖራል። ስለዚህ ሁለት ነገር ልንገራችሁ።

ነሐሴ 2013 ላይ ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ሲገባ፣ ታላቃችን ቤተሰቡንና ጎረቤቱን ጭኖ ያወጣው በኮብራ ነው። አሥራ አራት ነፍስ! ሕፃናቱ ጭን ላይ፣ ሁለት ሰው ከኋላ ከጎማው ጋር። ያን ጊዜ ከተማዋ ውስጥ የቀሩት ሴቶች ምን እንደደረሰባቸው አምነስቲ ኢንተርናሽናል ከጥቂት ወራት በኋላ ባወጣው ዘገባ ለዓለም ተናግሯል፤ እኔ አልደግመውም። ወንድሜ ዛሬም ስለዚያ ቀን ሲጠየቅ የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ “በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሣች።”

ሁለተኛው በ2016 ዓ.ም. ክረምት የሆነ ነው። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ አማራ ክልል ውስጥ ያለውን ታውቃላችሁ። በዚያው ክረምት መግቢያ ሂዩማን ራይትስ ዎች በክልሉ በሐኪሞች፣ በሕክምና ቤቶችና በአምቡላንሶች ላይ ስለደረሰው ጥቃት ዘገባ አውጥቶ ነበር። ዘገባውን ያላነበበ የስማዳ ሰውም ያውቀዋል፤ አምቡላንስ ሲጠራ አይመጣማ! የታናሻችን ባለቤት ምጥ ጠናባት። ከቤታቸው እስከ መኪና መንገዱ ድረስ ጎረቤት በቃሬዛ ተሸከማት። ከዚያ ኮብራ ተረከበቻት። በየኬላው ስንት ጊዜ እንደወረዱ፣ ማን እንደፈተሻቸው፣ ምን እንደተባሉ አልጽፍም፤ ወንድሜ እዚያው ነው የሚኖረው። ጎህ ሲቀድ ደብረ ታቦር ገቡ። በቀዶ ሕክምና ወለደች፣ እሷም ልጁም ተረፉ። ያ ሕፃን ዛሬ በሁለት እግሩ ቆሞ የኮብራን ጎማ በጡጫ ይመታል።

እንግዲህ “አሮጌ መኪና ያጨሳል፣ አደጋም ያመጣል” ይሉናል። ማጨሱ እውነት ነው፤ የኛዋም ታጨሳለች። ፍሬኑ የማይዝ አሮጌ መኪና ገዳይ መሆኑንም አልክድም። ታዲያ የቦሎ ምርመራ ለምን ተፈጠረ? ፍሬኗን ፈትሹ፣ መሪዋን ፈትሹ፣ ጭሷን ለኩ፤ ከወደቀች አቁሟት፣ እኔ ራሴ ቁልፉን አስረክባለሁ። የልደት ቀኗን ብቻ አይቶ የሚፈርድ ሕግ ግን ምኑን አወቀው? ቢያንስ ለእነዚህ አሮጌ የናፍጣ ሞተሮች የሚሆን መለዋወጫ ያለ ቀረጥ ይግባ። ቺንጋ፣ ፊልትሮ፣ የፍሬን ሸራ አገር አያከስርም።

ባለፈው ሳምንት የቺንጋው ጊዜ ስለደረሰ ሶማሌ ተራ ወጥቼ ነበር። ቺንጋው ከተበጠሰ ቫልቩንም ፒስተኑንም ይዞ ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ አይለመጥም። ነጋዴው “ኦሪጅናሉን ነው ወይስ ኮፒውን?” አለኝ። የኦሪጅናሉን ዋጋ ሲነግረኝ የዛሬ ሦስት ዓመት ከገዛሁበት ከእጥፍ በላይ ነው። ኮፒውን በእጄ ይዤ አገላበጥኩትና መለስኩለት። ወንድሞቼ እስኪያዋጡ መኪናዋ ወገዳ፣ ታናሻችን ግቢ ውስጥ፣ ሸራ ለብሳ ቆማለች።

ትናንት ማታ አጎቴ ከስማዳ ደወሉ። ደኅንነቴን ጠየቁ፣ የልጆቹን ጠየቁ፣ ስለ ዝናቡ ነገሩኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

“ያ ጠፍር ነገር ተገኘ ወይ?” አሉኝ።

“ቺንጋው ነው አጎቴ? በዚህ ሳምንት እልካለሁ” አልኳቸው።

“ቶሎ በል እንጂ ልጄ። እዚህ መንደር ሁለት ወራቸው የገባ ሴቶች አሉ።”