ግፊትና ጊዜ

«ግፊት» በአማርኛችን ሸክም የበዛበት ቃል ነው። ሐኪሙ «የደም ግፊት» ይላል። የፊዚክስ መምህሩ አየር በዕቃ ላይ ስለሚያሳርፈው ጫና ሲያስረዳ ይህንኑ ቃል ያነሣል። ጥፋተኛው ደግሞ ሽማግሌ ፊት ቀርቦ «በስሜት ግፊት ያደረግሁት ነው» ይላል። ይኸኛው ትርጉም ሲጠና «ግብታዊነት» እንለዋለን፤ የ1966ቱ አብዮት እንኳ ሳይታሰብ ፈነዳ ሲባል «ግብታዊ» የሚል ቅጽል ወጥቶለት ነበር።

በዕለት ተዕለት ንግግራችን እንዲህ ያለው ግፊት ቅጽበት ነው። ይመጣል፣ ይገፋል፣ ይሄዳል። ውጤቱ ጥፋት ከሆነ «ሰይጣን አሳሳተኝ» እንላለን፤ በጎ ከሆነ ደግሞ «ልቤ ነገረኝ»። በሁለቱም አነጋገር የድርጊቱ ባለቤት እኛ አይደለንም። እኔን የሚያሳስበኝም ይኸው ነው።

ሳይንስ ኢምፐልስ የሚለው ነገር ግን ቅጽበት ብቻ አይደለም። በፊዚክስ ኢምፐልስ የሚገኘው ኃይልን ኃይሉ በቆየበት ጊዜ በማባዛት ነው፤ አንድ አካል በእንቅስቃሴው ላይ የሚያሳየው ለውጥም በዚህ ብዜት ይለካል። ስለዚህ ብርቱ ኃይል በአጭር ጊዜ የሚያመጣውን ለውጥ ደካማ ኃይል ረዘም ባለ ጊዜ ያመጣዋል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ያሉ አበው ከዚህ ስሌት ብዙም አልራቁም። ከግንብ ላይ የሚዘል ልጅ መሬት ሲነካ ጉልበቱን የሚያጥፈውም ለዚሁ ነው፤ የሚቆምበትን ጊዜ ሲያስረዝመው አጥንቱን የሚመታው ኃይል ይቀንሳል።

ለዚህ የአርሲን ደጋ የሚያህል ምስክር አላውቅም። መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም. በሲድኒ ኦሊምፒክ የአሰላው ልጅ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ10,000 ሜትር ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ0.09 ሰከንድ ነበር። በአጭር ርቀት ሩጫ ደንብ አንድ ሯጭ የመነሻ ተኩሱ ከተሰማ በኋላ 0.1 ሰከንድ ሳይሞላ ከተነሣ ሳይሰማ እንደ ተነሣ ይቆጠርበታል። እንግዲህ የሁለቱ ልዩነት የሰው ልጅ ሰምቶ ለመንቀሳቀስ ያስፈልገዋል ከተባለው ጊዜ ያነሰ ነበር። የመጨረሻዎቹን ሜትሮች ብቻ ያየ ሰው «በስሜት ግፊት አሸነፈ» ሊል ይችላል። ነገር ግን ይህ ሰው በልጅነቱ ትምህርት ቤት ለመድረስ በየቀኑ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጥ ነበር፤ ለመመለስም እንዲሁ። ደብተር ያቀፈበት ግራ እጁ ዓለም ካወቀው በኋላም ሲሮጥ እንደ ታጠፈ ቀርቷል። በሲድኒ የገፋው ኃይል ዓመታት የቆየ ኃይል ነበር።

ከአንጎል ወደ ጡንቻ የሚሮጠው የነርቭ መልእክትም በሳይንስ ኢምፐልስ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1983 አሜሪካዊው ቤንጃሚን ሊበት ባሳተመው ጥናት፣ ሰዎች እጃቸውን ለማንቀሳቀስ መፈለጋቸውን ካወቁበት ቅጽበት ሲሦ ሰከንድ ያህል ቀደም ብሎ አንጎላቸው መሰናዳት መጀመሩን አሳየ። የጥናቱ ትርጓሜ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ሊበት ራሱ ግን አንድ በር ክፍት ትቶ ነበር፤ ሰው መነሣሣቱን ባይጀምረውም እንኳ ድርጊት ከመሆኑ በፊት ሊከለክለው ይችላል ሲል።

የአርሲ ኦሮሞ እናቶች ይህንን በር ከሊበት ቀድመው ያውቁታል። ሲንቄ እናት ለልጇ በሠርጓ ቀን የምትሰጣት ቀጭን በትር ናት። ጠብ ሲነሣ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ በተጣሉት መካከልም ይቆማሉ። ሲንቄ የቆመችበትን ጠብ መቀጠል ነውር ነው። በትሯ በጉልበት ማንንም አትመክትም። የምታደርገው በቁጣና በእጅ መካከል ጊዜ ማስገባት ነው፤ ልክ እንደ ታጠፈው ጉልበት።

«ጊዜ ሁልጊዜ ያበርዳል ወይ?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። አያበርድም። ቂምም ትንሽ ኃይል በረጅም ጊዜ ሲባዛ ነው። «በድንገት» የተሰነዘረ ዱላ የዓመታት ምሬት የገፋው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሲንቄ ጠቡን ካስቆመች በኋላ ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ፤ የሚመረምሩትም የዕለቱን ዱላ ብቻ ሳይሆን ከዱላው በፊት የነበረውን ነው። ያስገኙት ጊዜ ለቂም ማብሰያ እንዳይውል በእርቅ ይሞሉታል።

ዛሬ ቁጣ በጣት ንክኪ ለሺህ ሰው ይደርሳል። በስድብና በላኪው መካከል የሚቆም በትር የለም፤ የሚነጋ ሌሊትም የለም። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል፤ በዚህ መንገድ የፈሰሰው ግን የሚለቀም አይደለም። የስሜታችን ኃይል ከአያቶቻችን የበረታ አይመስለኝም። ያጣነው ጊዜውን ነው፤ ከሁለቱ ተባዢዎች በእጃችን የነበረውም እርሱ ነበር።

እንግዲህ «በስሜት ግፊት ነው» የሚል ሰው ሲገጥመን ቃሉን አንቀማው፤ እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ሁለት ነገር እንጠይቀው፤ ግፊቱ ስንት ጊዜ እንደ ቆየ፣ በዚያ ሁሉ ጊዜም በመካከሉ ማን እንደ ቆመ። ሁለተኛውን ጥያቄ ራሳችንንም ብንጠይቅ መልካም ነው።