አልዓዛር ምሳሌ ብቻ ነውን?

በግቢያችን ውስጥ ስለ ወንጌል ምሳሌዎች የሚደረገው ክርክር እየከረረ መሄዱን አንባብያን ሳያስተውሉት አልቀሩም። አንዱ ወገን «የተጻፈው እንደ ተጻፈ ይወሰድ» ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ «ይህ ሁሉ ምሳሌ ነው፤ ቃል በቃል የሚወስደው ያልተማረ ሰው ነው» እያለ ይመልሳል። እኔ በበኩሌ የሁለቱንም ንግግር ስሰማ የሚያስገርመኝ አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ሁለቱም በየመንገዳቸው ከድኻው አጠገብ ሳይቆሙ ማለፋቸው ነው።

ነገሩን ለማስረዳት በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 16 ያለውን የነዌንና የአልዓዛርን ነገር ልውሰድ። ባለጠጋው አምሮበት ሲለብስና ሲጋበዝ፣ ቍስለኛው አልዓዛር ከደጁ ወድቆ ፍርፋሪ ሲመኝ ኖሩ። ሁለቱም ሞቱ፤ አንዱ ወደ አብርሃም ዕቅፍ፣ ሌላው ወደ ሥቃይ ሄደ። ቃል በቃል ባዮቹ ይህ የተፈጸመ ታሪክ ነው ይላሉ፤ ማስረጃቸውም ድኻው በስሙ መጠራቱ ነው። በእርግጥም አብርሃምን ሳንቈጥር በጌታ ምሳሌዎች ውስጥ በስሙ የተጠራ ሌላ ሰው የለም፤ ሉቃስም በዚህ ስፍራ «ምሳሌ» የሚል ቃል አላኖረም። ባለጠጋውን ነዌ የምንለው እኛ ነን፤ በተለመደው የግሪክ ንባብ ስሙ አይገኝም። ዳሩ ግን በግብጽ የተገኘውና በ1961 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) የታተመው፣ ከጥንታውያን የሉቃስ ቅጂዎች አንዱ የሆነው ፓፒረስ፣ ለባለጠጋው ይህንኑ የሚመስል ስም ይሰጠዋል። ያልተማሩ እየተባሉ የሚታሙት መምህሮቻችን ስሙን ከየትም ፈጥረው አላመጡትም ማለት ነው! ስም መኖሩ ግን የታሪክነት ማረጋገጫ አይሆንም፤ ተረትም ስም አለው። ክርክሩም ከዚያ አልፎ ሥጋ የሌላት ነፍስ በምን ምላስ ትጠማለች ወደሚለው ይገባና ይመሻል።

ምሳሌ ባዮቹስ? እነርሱም ታላላቅ አባቶችን ይጠራሉ። በ604 ዓ.ም. ያረፈው የሮም ጳጳስ ታላቁ ጎርጎርዮስ ባለጠጋውን በአይሁድ፣ አልዓዛርን በአሕዛብ መስሎ ተርጕሞታል። ትርጓሜው የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ጎርጎርዮስ ይህን ካለ በኋላ በዚያው ስብከቱ ተመልሶ በደጃችን ስለሚወድቁት ድኾች አጥብቆ መናገሩን ወንድሞቻችን አያነሡም። ከስብከቱ ግማሹን ወስደው፣ የሚከብደውን ግማሽ ትተውታል። «ምሳሌ ነው» የሚለው ቃል በእነርሱ አፍ «እኔን አይመለከተኝም» ማለት ሆኖአል።

እኛ ሰምና ወርቅ እየሰማን ያደግን ነንና ይህን ለመረዳት ባልተቸገርን ነበር። ቅኔ ቤት የገባ ሰው ሰሙን ሳይፈታ ወደ ወርቁ አይዘልም። የአንድምታ መምህርም እንዲሁ ነው፤ አስቀድሞ ንባቡን በነጠላው ይተረጕማል፤ ከዚያ «አንድም» ይላል። ሁለተኛው «አንድም» የመጀመሪያውን አይሰርዘውም። የአገራችንን ትርጓሜ ያጠናው እንግሊዛዊው ሮጀር ካውሊ በ1988 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው መጽሐፉ፣ ይህ ትምህርታችን ንባብን ከሚያከብረው ከአንጾኪያ ሊቃውንት መንገድ ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳይቶአል። በአንጾኪያ ያስተማረው ዮሐንስ አፈወርቅ ራሱ የምሳሌን እያንዳንዱን ቃል መፈልፈል እንደማይገባ፣ የተነገረበትን ዓላማ መያዝ እንደሚበቃ ያስተማረ ነው። ስለ አልዓዛር በሰበከ ጊዜ ግን ዓላማውን ወደ ሰማይ አላሸሸውም፤ ላለመስጠት የተከማቸ ሀብት ከድኻ የተሰረቀ ነው ብሎ ነበር የፈረደው። ሰምና ወርቅ ሲባል ግን አንድ ጥንቃቄ ያሻል፤ በአንጥረኛው ዘንድ ወርቁ ሲፈስ ሰሙ ቀልጦ ይጠፋል። አልዓዛር ግን ቀልጦ መጥፋት የለበትም።

ይህን ስል ንባቡ ብቻውን ይበቃል ማለቴ አይደለም። እዚያው ምዕራፍ 16 ላይ፣ ከነዌ አስቀድሞ፣ የጌታውን ሰነድ ያጭበረበረ መጋቢ ሲመሰገን እናነባለን። በምዕራፍ 18 ደግሞ ስለ ጸሎት ሲነገር የሚቀርበው ምሳሌ ዐመፀኛ ዳኛ ነው። ቃል በቃል እንውሰድ ያልን እንደ ሆነ ሰነድ ማጭበርበር ጽድቅ ሊሆን ነው! ዘር ስለ ዘራው ሰው በተነገረው ምሳሌም ዘሩ ቃል መሆኑን የተረጐመው ራሱ ተናጋሪው ነው፤ ስለዚህ ምሥጢር መፈለግ የሊቃውንት ፈጠራ ነው ማለት አይቻልም።

ንባቡን ጠንቅቆ ማወቅ ምሥጢሩን እንዴት እንደሚያሰፋው ደግሞ መክሊት ያሳየናል። ዛሬ መክሊት ስንል የተፈጥሮ ስጦታ ማለታችን ነው። በጥንቱ ሒሳብ ግን መክሊት የገንዘብ ሚዛን ነበረ፤ አንዱ መክሊት 6,000 ዲናር ያህል ያወጣል፤ ዲናር ደግሞ በማቴዎስ ምዕራፍ 20 እንደምናየው የአንድ ቀን ሠራተኛ ደመወዝ ነው። እንግዲህ አንድ መክሊት ብቻ ተሰጥቶት የቀበረው ባሪያ የ20 ዓመት ያህል ደመወዝ ነው የቀበረው። ትንሽ ስለ ተሰጠኝ ነው የሚል ምክንያት ከዚህ በኋላ ከየት ይመጣል?

ወደ ነዌ ልመለስ። ባለጠጋው በሕይወት ላሉት አምስት ወንድሞቹ መልእክተኛ እንዲላክላቸው በለመነ ጊዜ አብርሃም እንቢ ያለው ሙሴና ነቢያት አሉላቸው ብሎ ነው። ምሳሌ ባዮቹ ወንድሞቼ ይህን ስፍራ እንዲያስተውሉት እፈልጋለሁ። ምሳሌው ራሱ ከምሳሌነት ወጥቶ ወደ ሕግ ይልከናል። ሙሴ በዘዳግም ምዕራፍ 15 ለድኻ ወንድምህ እጅህን አትጨብጥበት ብሎ ሲያዝዝ፣ ብድር የሚሰረዝበት ዓመት ቀርቦአልና አልሰጥም የሚለውን ሰው ሐሳብ እንኳ አስቀድሞ ይከለክላል። ይህ ትእዛዝ ነው፤ ሰም የለው ወርቅ የለው። ለዚህ ምዕራፍ «ምሳሌ ነው» የሚል መልስ ያለው ወንድም ወይም እኅት በሚቀጥለው እትም ቢጽፍ በደስታ አነባለሁ።