የአንድ ሌሊት እንግድነት በሱባ ደን



በቀድሞው ዘመን በአገራችን ከቤት ውጭ ማደር የመንገደኛና የዘማች ዕጣ ነበር እንጂ የዕረፍት ጊዜ ማሳለፊያ አልነበረም። ነጋዴው ጭነቱን ከአጋሰሱ አራግፎ፣ ወታደሩም ድንኳኑን ተክሎ፣ እሳታቸውን አንድደው ሌሊቱን በንቃት ያሳልፉ ነበር። ጨለማውን፣ ብርዱንና የአውሬውን ድምፅ የለመዱት ወደውት ሳይሆን ሌላ ማደሪያ ስላልነበራቸው ነው። ዛሬ ግን ነገሩ ተለውጧል። በከተማ ተወልዶ ያደገ ልጅ እውነተኛውን ጨለማ ሳያይ ለአካለ መጠን ይደርሳል። የቤቱ መብራት ቢጠፋ እንኳ ከጎረቤት መስኮት ወይም ከሚያልፍ መኪና የሚመጣ ብርሃን አያጣም፤ ድምፅም ቢሆን ከጆሮው ተለይቶ አያውቅም።

በዚህ ምክንያት አንዳንድ ወላጆች በዕረፍት ቀን ልጆቻቸውን ይዘው ወደ መንግሥት ደን በመሄድ፣ ድንኳን ተክለው አንድ ሌሊት ማደርን ልማድ አድርገዋል። ልማዱ መልካም ነው፤ ሊበረታታም ይገባል። ነገር ግን ወደ ሰው ቤት የሚገባ እንግዳ እግሩን አራግፎ፣ ባለቤቱን ሰላም ብሎ፣ በተሰጠው ስፍራ እንደሚቀመጥ ሁሉ፣ ወደ ደን የሚገባም እንግዳ ሊጠብቀው የሚገባ ሥርዓት አለ። ይህን የማያውቅ ቤተሰብ ወይ ራሱን ይጎዳል፣ ወይ ደኑን ይጎዳል። በዚህ ወር የምንነጋገረው ስለዚሁ ሥርዓት ነው።

ለምሳሌ የመናገሻ ሱባን ደን እንውሰድ። ይህ ደን ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ በወጨጫ ተራራ ጎን ላይ ይገኛል። ወጨጫ ከጥንት ጀምሮ የበረደ እሳተ ገሞራ ነው፤ ጫፉም ከባሕር ወለል በላይ ከ3,300 ሜትር ይበልጣል። ከታች በኩል ጽድ፣ ዝግባና ወይራ ጥቅጥቅ ብለው በቅለዋል፤ ከፍ ሲሉ ኮሶ ይገኛል፤ ወደ ተራራው ጫፍ ሲቃረቡ ደግሞ አስታና ጅባራ ይታያሉ። አንድ ሰው በግማሽ ቀን መንገድ ውስጥ ከአንዱ ዓይነት ደን ወደ ሌላው እየተሻገረ ስለሚሄድ፣ ልጆችን ስለ ዕፀዋት ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ስፍራ በቅርብ አይገኝም።

ደኑ እንዲሁ በራሱ የቆየ እንዳይመስለን። ከአባቶች በቃል የወረደው ታሪክ እንደሚለው፣ ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከሰሜን ሸዋ፣ ከወፍ ዋሻ ደን የጽድ ዘር አስመጥተው በወጨጫ ተዳፋት ላይ አስተክለዋል። ኋላም አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ፣ በዙሪያዋ የነበረው ዛፍ ለማገዶና ለቤት ሥራ በፍጥነት እያለቀ ስለ ሄደ፣ ዐፄ ምኒልክ ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ ማሰብ ደርሰው ነበር። ከተማይቱን ከዚያ ችግር ያወጣት ዘሩ ከአውስትራልያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ሱባ ለዚያ ሁሉ የእንጨት ፍላጎት ቅርብ ሆኖ ሳለ፣ መጥረቢያና መጋዝም በየዘመኑ እየደረሱበት ጨርሶ ያልጠፋው፣ በመንግሥት እጅ ሆኖ ጠባቂ ስለ ነበረው ነው።

በሰሜኑ ደጋ ጥንታዊ ዛፍ ማየት የሚሻ ሰው ብዙ ጊዜ ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ መሄድ እንዳለበት ታውቃላችሁ። ያ ዛፍ የቆመው ትውልድ ከትውልድ ተቀባብሎ ስለ ጠበቀው ነው። የሱባም ጽድ እንዲሁ ነው። ስለዚህ ከጽዱ ሥር ድንኳኑን ተክሎ የሚተኛ እንግዳ የተኛው በብዙ ሰዎች ድካም ላይ መሆኑን ማወቅ አለበት። እነርሱ ያቆዩትን እርሱ በአንድ ሌሊት ሊያጠፋው ይችላልና።

በዛፎቹ መካከል የሚያድር ሰው የመብራት ማብሪያ፣ የቧንቧ ውሃና ሙቅ ክፍል አያገኝም። ለልጆች የሚጠቅመውም ይኸው ማጣት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ተማሪዎቼን ይዤ በዚያ ባደርኩበት ሌሊት፣ ከቁጥቋጦው ውስጥ እንደ ውሻ ያለ ጩኸት ተሰማ። አንዱ ተማሪ በፍርሃት ተነሥቶ በአቅራቢያችን የነበሩትን ሽማግሌ የደን ጠባቂ፣ «አባባ፣ እዚህ ውሻ አለ እንዴ?» አላቸው። እርሳቸውም፣ «አይ ልጄ፣ ድኩላ ነው። የባትሪያችሁን ብርሃን አይቶ ደንግጦ ነው የሚጮኸው። እስቲ አጥፉትና ዝም በሉ» አሉት። ልጆቹ ባትሪያቸውን አጠፉ። ጥቂት ቆይቶ ዓይናቸው ጨለማውን ለመደ፤ ኮከቡን መቁጠር ጀመሩ፤ ያላዩት አውሬ እንደ ፈራቸውም ሲረዱ የእነርሱ ፍርሃት ቀለለ። ይህን ትምህርት እኔ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ልሰጣቸው አልችልም ነበር።

ያ ድኩላ የምኒልክ ድኩላ የሚባለው ሲሆን፣ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር አይገኝም። ጎሕ ሲቀድ ደግሞ ጉሬዛው ከዛፍ ጫፍ ላይ በከባድ ድምፅ ወገኖቹን ይጣራል። ከቅጠሉ የማትለይ አረንጓዴ ወፍ ድንገት ስትበር ክንፏ እንደ ደም ቀልቶ ይታያል፤ ያም ቀይ ቀለም መዳብ የተዋሐደበት መሆኑን ሊቃውንት መርምረው ደርሰውበታል። ይህን ሁሉ የሚያየውና የሚሰማው ግን ዝም ያለ ሰው ነው። ሙዚቃ ከፍቶ የሚያድር ቤተሰብ ከከተማ አልወጣም፤ ከተማውን ይዞ መጥቷል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ እሳት እንመለስ። ጽድ ዘይትነት ያለው እንጨት ነው፤ ከሥሩ የረገፈው ቅጠልና ቅርፊት በበጋ ወራት እንደ ጧፍ ይነዳል። ደግሞም ጽድና ባሕር ዛፍ አንድ ጠባይ የላቸውም። ባሕር ዛፍ ቢቆረጥ ከጉቶው ዳግመኛ ያቆጠቁጣል፤ ጽድ ግን ግንዱ አንድ ጊዜ ከሞተ እንደገና ከዘር መጀመር አለበት። እድገቱም አዝጋሚ ስለ ሆነ፣ ዛሬ የሚበቅለውን ችግኝ ትልቅ ዛፍ ሆኖ የሚያዩት የልጅ ልጆቻችን ናቸው። በ1992 ዓ.ም. በበጋ በባሌና በቦረና ደኖች የተነሣው እሳት ለሳምንታት ነድዶ ከ100,000 ሔክታር በላይ ደን ጎዳ። ገበሬው፣ ወታደሩና ተማሪው ታገሉት፤ ከውጭ አገርም እሳት አጥፊዎች መጥተው ረዱ፤ ጨርሶ የበረደው ግን ዝናብ ሲጥል ነው።

ስለዚህ በደኑ ውስጥ እሳት ማንደድ የሚቻለው ጠባቂዎቹ ሲፈቅዱና እነርሱ ባሳዩት ስፍራ ብቻ ነው። ዙሪያውን ሦስት እርምጃ ያህል ከደረቅ ቅጠል አጽዱ፤ እሳቱ ትንሽ ይሁን፤ ውሃ የሞላ ጀሪካን ከአጠገቡ አይታጣ፤ ነፋስ ከተነሣ ወዲያው ይጥፋ። ማገዶውንም ከቤታችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ይህን የምለው ለዛፉ ብቻ አይደለም። በደኑ ዙሪያ የሚኖሩ እናቶች ለእራት ማብሰያ አንድ ሸክም ጭራሮ ፍለጋ ረጅም መንገድ ይጓዛሉ፤ ከተከለለው ደን ቅርንጫፍ ቆርጠው ቢገኙም ይቀጣሉ። እኛ በመኪና መጥተን ለጨዋታ ብለን ያንኑ ቅርንጫፍ ብንቆርጥ፣ ልጆቻችን ከእኛ የሚማሩት ሕግ ለድኻ ብቻ የተሠራ መሆኑን ነው።

ከዚህ የባሰ አደጋ ደግሞ አለ፤ እርሱም ከሰል ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ሲጠራ የሱባ ሌሊት ውርጭ ነው። ያን ጊዜ አንዳንድ ሰው ለልጆቹ አዝኖ፣ የከሰል ምድጃውን ወደ ድንኳን አስገብቶ በሩን ይዘጋል። ይህ ልጆቹን ለሞት አሳልፎ መስጠት ነው። ከፍም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል አየር ያወጣል፤ ይህም አየር ቀለምም ሽታም የለውም፤ ጢሱ ካለቀና ፍሙ አመድ ከለበሰ በኋላም አይቀርም። ከደም ጋራ የመጣመር ኃይሉ ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ ስለሚበልጥ፣ ሰው እየተነፈሰ ሳለ አየር ያጣል። የተኛም ሰው ሳይነቃ ይሞታል። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ የተሰማው ሰው ካለ፣ ሁሉም ፈጥነው ወደ ውጭ ይውጡ፤ የታመመውም ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ይወሰድ። ለብርዱ መድኃኒቱ ከሥር ወፍራም ምንጣፍ፣ ከላይ ጋቢና ብርድ ልብስ፣ በራስም ላይ ቆብ ነው። ብርድ ከላይ ብቻ የሚመጣ ይመስለናል፤ የተኛን ሰው ሙቀት አብዝታ የምትወስደው ግን መሬት ናት።

ውሃን በሚመለከት፣ ከተቻለ የሚበቃውን ያህል ከቤት መያዝ ይሻላል። ከምንጭ ወይም ከወንዝ የተቀዳ ውሃ ምንም ቢጠራ ሳይፈላ አይጠጣ። ከፍታ በጨመረ ቁጥር ውሃ ዝቅ ባለ ሙቀት ይፈላል፤ በ2,400 ሜትር ላይ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ መቆየት አለበት። ባቄላም ሆነ ምስር በዚህ ከፍታ ቶሎ ስለማይበስል፣ ወጡን በቤት ሠርቶ ማሞቅ ብቻ መልካም ነው። ጾምም ቢሆን ፍስክም፣ ዳቦ፣ ቆሎና በሶ እሳት ሳይፈልጉ ያጠግባሉ።

መጸዳጃ በሌለበት ስፍራ ከውሃ ቢያንስ 60 ሜትር ርቆ፣ አንድ ስንዝር ያህል ጉድጓድ ቆፍሮ መልሶ መድፈን ይገባል፤ ከተራራው በታች ያንኑ ውሃ የሚጠጣ ሰው አለና። የምግብ ትርፍራፊና የፕላስቲክ ጠርሙስ ሁሉ ተሰብስቦ ወደ ከተማ ይመለስ። ትርፍራፊ የለመደ ዝንጀሮ ነገ ከሌላው እንግዳ ድንኳን ገብቶ ይዘርፋል፤ ጥፋቱም በእርሱ ይቈጠራል እንጂ ባስለመደው ሰው አይቈጠርም።

ከመነሣታችሁም በፊት ስለ መንገዱ ሰላም፣ ስለ ፈቃዱና ስለ ክፍያው ከደኑ ጽሕፈት ቤት ጠይቁ፤ የምትመለሱበትንም ሰዓት ለቤተ ዘመድ ተናገሩ። በክረምት ጥርጊያው መንገድ ጭቃ ስለሚሆን ከመስከረም አጋማሽ በፊት መሄድ አይመከርም። ለያንዳንዱ ልጅም እንደ ዕድሜው ሥራ ይሰጠው፤ ታላቁ ውሃ ይጠብቅ፣ መካከለኛው ድንኳን ይትከል፣ ታናሹ ቆሻሻ ይልቀም። ሥራ የሌለው ልጅ ተመልካች ብቻ ይሆናልና።

በማለዳ ጓዙ ሲታሰር አባት ከልጆቹ ጋራ ወደ እሳቱ ቦታ ይሂድ። ፍሙ ላይ ውሃ ያፍስስበት፤ በእንጨት አማስሎ እንደገና ያፍስስ። ከዚያም መዳፉን ቀስ ብሎ ወደ አመዱ ያቅርብ፤ ሙቀት ካልተሰማው በእጁ ይዳስሰው። ጥቂት ሙቀት ካለ ገና ነው፤ ቤተሰቡ አይነሣ። አመዱ እንደ አፈር ቀዝቅዞ ሲያገኘው የልጆቹንም እጅ ይዞ ያስዳስሳቸው። እንግድነታቸው ያን ጊዜ ተፈጸመ፤ መልካም መንገድ ይሁንላቸው።