ዝምታ የሚያኮመጥጠው ቢራ

«ዝም አይነቅዝም» ይላሉ አባቶቻችን። ለብዙ ነገር ይሠራል። ለሠርግ ሽምግልና ይሠራል፣ ለመሥሪያ ቤት ስብሰባ ይሠራል፣ ለአማትና ለምራት ደግሞ በጣም ይሠራል። ለእንግሊዞች የበርሜል ቢራ ግን አይሠራም። እሱን ዝም ካሉት ይነቅዛል፤ በትክክለኛው ቃል እንናገር ከተባለ ይኮመጥጣል። የዛሬው ወሬያችን ስለዚሁ ነው፦ ሪል ኤል ስለሚሸጡ ትንንሽ የእንግሊዝ ፐቦችና ደንበኞቻቸው ስለሚሰጧቸው አስተያየት።

«ስለ ፈረንጅ መጠጥ ቤት እኛን ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። እኔ ደግሞ ከእኛ በላይ የሚገባው የለም ባይ ነኝ። በጠላ አገር ያደገ ሰው ይህን ቢራ ለመረዳት መጽሐፍ ማገላበጥ አያስፈልገውም። ነገሩ እንዲህ ነው። ግሮሰሪ ገብተን የምናዝዘው የጠርሙስ ቢራ ተጣርቶ፣ እርሾው ተወግዶ ወይም በሙቀት ሞቶ፣ ጋዙ ተስተካክሎ የሚመጣ ነው። ሪል ኤል ግን ከነነፍሱ ነው የሚመጣው። እርሾው በርሜሉ ውስጥ እንዳለ ፐቡ ምድር ቤት ይገባል፤ እዚያም መፍላቱን ይቀጥላል። ያቺ ትንሽ ጋዙም ራሱ እርሾው የሚሠራት እንጂ ከውጭ የምትገፋ አይደለችም። ባለቤቱ በርሜሉን ያስተነፍሰዋል፣ አተላው ወርዶ እስኪጠልል ይታገሠዋል፣ ከ11 እስከ 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ቅዝቃዜ ይይዘዋል፤ ከዚያ በእጅ ፓምፕ እየሳበ ይቀዳል። በርሜሉ አንዴ ከተከፈተ አየር ይገባዋል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ዕድሜ ሦስት ቀን ገደማ ነው። ጠላችን እንደሆነው ማለት ነው፤ ትናንት ግሩም የነበረው ዛሬ ደህና ነው፣ ነገ ደግሞ እግዜር ይወቅ።

እንግዲህ «አስተያየት» የምትለው ቃል እዚህ ላይ ከሌላ ንግድ የተለየ ክብደት አላት። ጫማ ብትገዙና ባይመቻችሁ ዛሬ ብትናገሩም በወሩ ብትናገሩም ጫማው ያው ጫማ ነው። ሪል ኤል ግን በሳምንቱ ብትናገሩበት የተናገራችሁበት ቢራ በምድር ላይ የለም። በርሜሉ ተነሥቷል፣ ታጥቦ ሄዷል፣ ሌላ ገብቷል። «ቢራቸው ኮምጣጣ ነው» የሚለው ቃላችሁ ግን ግድግዳ ላይ እንደተለጠፈ ወረቀት ይቀራል። እኔ የምለው አጭር ነው፦ ለእንዲህ ያለ ቤት የሚጠቅመው አስተያየት ብርጭቆው ሳያልቅ፣ ባንኮኒው ላይ፣ ፊት ለፊት የሚሰጠው ነው። እንዲያውም አስተያየቱ የቢራው አሠራር አንዱ ክፍል ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ታዲያ ሁሉም አስተያየት እኩል አይደለም። እስኪ በየተራ እንያቸው።

የመጀመሪያው «ቢራው ሞቅ ያለ ነው፣ ጋዝ የለውም» የሚለው ነው። አዲስ ገብ ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው። ከአበሻ ወገን ለንደን ወይም ማንቸስተር ሄዶ የመጀመሪያውን ፓይንት ሲጎነጭ ፊቱን ያላጨማደደ ካለ እጁን ያውጣ። ግን ይኼ ስሞታ አይደለም፤ ትርጓሜ ነው። ሰውየው ሳያውቀው ሪል ኤል ምን እንደሆነ አስተካክሎ ተናገረ። ጠላ ቤት ገብቶ «ይኼ ነገር ለምን አይፈላም?» እንደማለት ነው። ከዚሁ ጎን «ቲቪ የላቸውም፣ ሙዚቃ የላቸውም» የሚለው ይሰለፋል። የዚህኛው መልስ ደግሞ ታሪክ አለው። የ«1984» ደራሲ ጆርጅ ኦርዌል እ.ኤ.አ. በ1946 ለንደን በሚታተመው «ኢቭኒንግ ስታንዳርድ» ጋዜጣ ላይ ስለሚወደው ፐብ ጽፎ ነበር። ሬዲዮም ፒያኖም የሌለበት፣ ሰው እንደ ልቡ የሚያወራበት፣ አስተናጋጆቹ አብዛኛውን ደንበኛ በስሙ የሚያውቁበት ቤት ነው። መጨረሻ ላይ ግን እንዲህ ያለ ፐብ እንደሌለ ራሱ አመነ። ለኔ ይኼ ከደንበኛ አስተያየቶች ሁሉ ምርጡ ነው፤ የሌለ ቤት ተመኝቶ ጻፈ።

የሚገርመው ቤቱ ቆይቶ ተከፈተ ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2005 ማርቲን ሂሊየር የሚባል ሰው ኬንት ውስጥ ኸርን በምትባል መንደር አንድ የቀድሞ ሥጋ ቤት ወስዶ «ቡቸርስ አርምስ» የሚል ትንሽ ፐብ አደረገው። በዚያው ዓመት ሥራ ላይ የዋለው የመጠጥ ፈቃድ ሕግ ትንሽ ቤት ለመክፈት ቀላል አድርጎት ነበር። ቲቪ የለ፣ የቁማር ማሽን የለ፣ ሙዚቃ የለ፤ ያለው የበርሜል ቢራና ወሬ ብቻ። ከሱ በኋላ በየከተማው የተዘጉ ሱቆች ወደ እንዲህ ዓይነት «ማይክሮፐብ» ተለወጡ፤ ዛሬ በመቶዎች ይቆጠራሉ። ማኅበራቸው ማይክሮፐብ ማለት ምን እንደሆነ ሲያብራራ ከሚጠቅሳቸው ነገሮች አንዱ ደግሞ ደንበኛውን ማዳመጥ ነው። ልብ በሉ፤ መስማት የቤቱ መለያ ሆኖ ተጽፏል።

ሁለተኛው አስተያየት «ምርጫ ያንሳቸዋል» የሚለው ነው። ይኼኛው ደግ መስሎ ገዳይ ነው። እስኪ ሂሳብ እንሥራ። ትንሽ ፐብ በብዛት የሚገዛው በርሜል ፈርኪን ይባላል፤ 9 ጋሎን ወይም 41 ሊትር ገደማ ይይዛል። አተላውን ትተን 72 ፓይንት ነው። በሦስት ቀን ማለቅ ካለበት ከአንዱ በርሜል በቀን 24 ፓይንት መሸጥ አለበት። አራት ዓይነት ቢራ ካቀረበ በቀን 96፣ ስምንት ካቀረበ 192 ፓይንት መሆኑ ነው። አሁን ሠላሳ ሰው የሚመጣበትን አንድ ቤት አስቡ። ሁሉም ሁለት ሁለት ቢጠጡ 60 ፓይንት ነው። ይኼ ቤት ከሁለት ወይም ከሦስት ዓይነት በላይ ካቀረበ ቢራው ቆሞ ያረጃል። ስለዚህ «ስምንት ዓይነት ይኑራችሁ» የሚለው ደንበኛ ሳያውቀው «እባካችሁ የኮመጠጠ ስጡኝ» እያለ ነው። ሁለት ፓምፕ ብቻ ያለው ቤት ስታዩ ድህነት አይደለም፤ ራስን ማወቅ ነው።

ሦስተኛው ደግሞ እውነተኛው ስሞታ ነው። ቢራው ሆምጣጤ ሆምጣጤ ይላል፣ ወይም መጥለል ሲገባው ጉሽ ነው፣ ወይም ሞቷል። (አንዳንዱ ሆን ተብሎ ጉሽ ሆኖ ይጠመቃል፤ መጠየቅ ነው።) እዚህ ላይ ነው ዝምታ የሚገድለው። እንግሊዞች ደግሞ በይሉኝታ ከእኛ አይተናነሱም። አስተናጋጁ «እንዴት ነው?» ሲል «በጣም ጥሩ፣ አመሰግናለሁ» ይሉና ግማሹን ትተው ይወጣሉ፤ ከዚያ በኋላ አይመለሱም። ባለቤቱ ምድር ቤት ያለው በርሜል መበላሸቱን በምን ይወቅ? እያንዳንዱን ብርጭቆ አይቀምስም። ያ ሰው ዝም ሲል ከኋላው የሚመጡት ሃያ ሰዎች ያንኑ ይጠጣሉ፤ ሃያውም በይሉኝታ ያመሰግናሉ። ቤቱ በሳምንቱ ሰው ሲያጣ «ሰዉ ምን ነካው?» ይላል።

መናገር ደግሞ ጠብ አይደለም። ሥራውን የሚያውቅ ባለፐብ ብርጭቆው ሲመለስለት ያሸተዋል፣ ይቀምሰዋል፣ ሳይከራከር ይቀይራል። ከማዘዛችሁ በፊት ትንሽ ልቅመስ ብትሉም በደህና ቤት የሚከለክላችሁ የለም። እኛ አገር ቀጂዋ ጠብ አድርጋ በመዳፏ ቀምሳ ነው የምታቀርበው፤ ጠጪውም «ዛሬስ ጌሾው በዝቷል» ሲል የሚነግረው ለራሷ ለጠማቂዋ ነው። ያች ሴት በሚቀጥለው ጥንስስ ታስተካክላለች። ዕቃዋ ሌላ፣ አገሯ ሌላ፣ ነገሩ ግን አንድ ነው።

አስተያየት ምን ሊሠራ እንደሚችል ለሚጠራጠር ደግሞ ካምራ አለለት። በ1960ዎቹና በ70ዎቹ (በፈረንጅ አቆጣጠር) ትልልቆቹ የእንግሊዝ ጠማቂዎች የበርሜሉን ቢራ ትተው በጋዝ የሚገፋውን የኬግ ቢራ በየፐቡ ማስገባት ጀመሩ። አያያዙ ቀላል ነው፣ ቶሎ አይበላሽም፤ ደንበኛው ምን ይላል ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1971 አራት ወጣቶች አየርላንድ ውስጥ ለእረፍት ሄደው «ይኼ ነገር ይብቃ» ብለው ማኅበር መሠረቱ። ዛሬ አባላቱ ከመቶ ሺህ ይበልጣሉ። ማኅበሩ በየዓመቱ «ጉድ ቢር ጋይድ» የሚባል መጽሐፍ ያወጣል፤ 4,500 ያህል ፐቦች ይገቡበታል። የእ.ኤ.አ. 1974ቱ እትም ስለ አንድ ትልቅ ጠማቂ፣ ስለ ዋትኒ፣ የሰጠው አስተያየት ከመክረሩ የተነሣ ለዘብ ተደርጎ እንደገና እንዲታተም ተደርጓል። ፐቦቹን የሚመርጡት በየአካባቢው ያሉ በጎ ፈቃደኛ አባላት ሲሆኑ ከፍሎ መግባት የለም። አባላቱ ለቢራው ከ0 እስከ 5 ነጥብ ይሰጣሉ። የሚሰጡት ደግሞ ለአንድ ምሽት ጨዋታ ሳይሆን ብርጭቆው ውስጥ ላለው ነገር ነው፤ ደግመው ደጋግመው ሄደው፣ ብዙ ሆነው። ከአላፊ አግዳሚ ቁጣ የሚለየውም ይኸው ነው።

አሁን ግን የሚከራከረኝን ሰው ልስማ። «ፊት ለፊት ተናገሩ ትላለህ፤ ሁሉም ሰው እኩል የሚናገር ይመስልሃል?» ይለኛል። እውነቱን ነው። ትንሽ ቤት ለሃያ ዓመት አንድ ወንበር ላይ የተቀመጡ ሽማግሌዎች ቤት ሊሆን ይችላል። በሩን ስትከፍት ሁሉም ዞሮ የሚያያት ወጣት ሴት፣ ቆዳው ከቤቱ ሁሉ የተለየ ተማሪ፣ ባንኮኒ ተደግፈው «ቢራችሁ ተበላሽቷል» ለማለት ድፍረቱን ከየት ያምጡት? ካምራ ራሱ ወንዶች የሚበዙበት ማኅበር ነው እየተባለ ለዘመናት ሲታማ ቆይቷል፤ ሴቶችን የሚያንቋሽሽ ስም ያላቸውን ቢራዎች ከትልቁ ፌስቲቫሉ ያገደው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። ስለዚህ ለእነዚህ ሰዎች ርቆ መጻፍ መብት ብቻ ሳይሆን ያላቸው ብቸኛ ድምፅ ሊሆን ይችላል። «ክፉኛ አዩኝ፣ አላስተናገዱኝም» የሚለው አስተያየት ደግሞ በሦስት ቀን ከበርሜሉ ጋር አይቀየርም። ይጻፍ። የምቃወመው ስለ ሰው የሚሰጠውንና ስለ በርሜል የሚሰጠውን አንድ ላይ ደባልቆ በኮከብ መደምደሙን ነው። አንድ ኮከብ ብቻ አይቶ ባለቤቱ ምኑን ያስተካክል? ቧንቧውን ይጠብ ወይስ ምላሱን?

ከቃል የሚበልጥ አስተያየትም አለ፤ በገንዘብ የሚሰጥ። በሰሜን እንግሊዝ ከምብሪያ፣ ሄስኬት ኒውማርኬት በምትባል መንደር «ኦልድ ክራውን» የሚባል ትንሽ ፐብ አለ። እ.ኤ.አ. በ2003 ከ100 በላይ ሰዎች አክሲዮን አዋጥተው ገዙትና የአገሪቱ የመጀመሪያው የኅብረት ሥራ ፐብ ተባለ። ከተማ ውስጥም ሆኗል። ደቡብ ለንደን ነንሄድ ያለው «አይቪ ሃውስ» ትንሽ የሚባል ቤት ባይሆንም እ.ኤ.አ. በ2012 ሲዘጋ ሕንፃው ለሌላ ጥቅም ሊሸጥ ነበር። የሰፈሩ ሰዎች የ2011ዱን የአካባቢ መብት ሕግ ተጠቅመው ሽያጩን አስቆሙ፤ በ2013 371 ባለአክሲዮኖች ሆነው ከፈቱት። ከእነዚህ ስንቶቹ ቀደም ሲል «የሰፈራችን ፐብ ግሩም ነው» እያሉ ቤታቸው ይቀመጡ እንደነበር እግዜር ይወቅ። ቤት በምስጋና አይከራይም፤ በርሜልም በትዝታ አያልቅም። «ተዘጋ ሲሉኝ አዘንኩ» ማለትም አስተያየት ነው፤ ብቻ ዘግይቶ የመጣ ነው።

ቋንቋችን ለዚህ ነገር አንድ ጥሩ ቃል አላት፦ ደንበኛ። ተመላልሶ የሚገዛም ደንበኛ ነው፤ የምር የሆነ ነገርም ደንበኛ ነው። ሪል ኤልን «ደንበኛ ቢራ» ብዬ ብተረጉመው የሚቀየመኝ ያለ አይመስለኝም። ደንበኛ ቢራ ደግሞ ደንበኛ የሆነ ደንበኛ ይፈልጋል፦ የሚመጣ፣ የሚጠጣ፣ ሲጥም የሚያመሰግን፣ ሲኮመጥጥ ብርጭቆውን በትህትና ወደ ባንኮኒው የሚመልስ፣ ነገም ተመልሶ «ዛሬስ?» የሚል።

እናም እንግሊዝ ያላችሁ ልጆች፣ ቀጣዩ ፓይንት ሆምጣጤ ሲሆንባችሁ ስልካችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ቀና በሉና ለሰውየው ንገሩት። እዚህ ያለነውም ግሮሰሪ ቁጭ ብለን ጃምቧችን ሳይጥመን ዝም ብለን ከምንከፍል እንሞክራት። ክርክር ካላችሁ እነሆ ሜዳው።